የበጀት ጉድለትን ማን ይከፍላል? ከጎንደር ግምጃ ቤት እስከ ዛሬ

(በሬድዮ ዝግጅታችን የቀረበ ንግግር)

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የዛሬው ርዕሳችን በየዓመቱ ሰኔ ወር ላይ በዜና የምንሰማው አንድ ቃል ነው፤ «የበጀት ጉድለት» ይባላል። ብዙዎቻችን ይህ ቃል ሲነሳ ጉዳዩ የሹማምንትና የባንክ ሰዎች ነው ብለን ጆሯችንን እናነሳለን። ነገር ግን የዘይት፣ የጤፍና የመድኃኒት ዋጋ ለምን እንደሚንር የሚጠይቅ የቤት አባወራም ሆነ እማወራ መልሱን ከሚያገኝባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው ቃል ነው።

ነገሩ ከቤታችን አያልፍም። የወር ገቢያችን አልበቃ ሲል ከሰፈር ሱቅ በዱቤ እንወስዳለን። በዚህ ወር የጎደለን ገንዘብ ጉድለት ነው። በባለ ሱቁ ደብተር ላይ ከወር ወር እየተደመረ የሄደው ደግሞ ዕዳ ነው። መንግሥትም እንዲሁ ነው። ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ያልቃል። ከግብር፣ ከቀረጥና ከእርዳታ የሚያገኘው ከሚያወጣው ካነሰ የዓመቱ ጉድለት ይባላል፤ የዓመታቱ ጉድለት ሲከማች ዕዳ ይሆናል።

የሀገራችንን ታሪክ ስንመረምር አንድ ነገር እናገኛለን። ጉድለት ከፋይ አጥቶ አያውቅም። ከዘመን ዘመን የሚለያየው ከፋዩ ማን እንደሆነና መክፈሉን ማወቅ አለማወቁ ነው። ከደጃችን፣ ከጎንደር እንጀምር።

የጎንደር ነገሥታት ግምጃ ቤት

አፄ ፋሲል ጎንደርን በ1628 ዓ.ም. ገደማ መናገሻ ካደረጓት በኋላ የመንግሥቱ ገቢ ከሁለት ዋና ምንጮች ይመጣ ነበር። አንደኛው ግብር ነው፤ ከየአውራጃው ወርቅ፣ ማር፣ ከብት፣ በቅሎ፣ እህልና አሞሌ ጨው ይገባ ነበር። ሁለተኛው በየኬላው የሚሰበሰብ ቀረጥ ነው። ከምጽዋ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ጎንደር እስኪደርስ ኬላ በኬላ ይከፍላል። በመተማ በኩል የሚመጣውም በወኽኒና በጭልጋ ይቀረጣል።

በዚህ ውስጥ የእኛ ሰዎች ድርሻ ቀላል አልነበረም። በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ በ1660 ዓ.ም. በተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞች በተለየ ሰፈር እንዲኖሩ ተወሰነ። ያ ሰፈር እስላም ቤት፣ በኋላም አዲስ ዓለም ተባለ። በደጋው ሀገር ሙስሊሙ የርስት መሬት እንዳይዝ በልማድ ስለተከለከለ የቀረው ንግድና ሽመና ነበር። ስለዚህ ከመሬት ግብር ቢርቅም ከኬላ ቀረጥ ግን አላመለጠም። የጎንደር ሲራራ ነጋዴ ለግምጃ ቤቱ ወርቅ፣ ጨውና ጨርቅ ሲያቀርብ የኖረ ሰው ነው።

በዚያ ዘመን የበጀት ጉድለት በወረቀት አይታይም ነበር፤ ምክንያቱም ወጪውም በወረቀት አይታይም። ከሁሉ የሚከብደው ወጪ ሠራዊት ነው፤ ወታደሩ ግን በገንዘብ ደመወዝ አይከፈለውም። አለቃው ጉልት ይሰጠዋል፤ ጭፍራው በገበሬው ቤት ይሰፍራል፣ ከገበሬው ጎተራ ይበላል። በወገራም ሆነ በደምቢያ ሠራዊት ያለፈበት ሀገር ያንን ዓመት አዝመራውን አጣ ማለት ነው። እንግዲህ የመንግሥት ጉድለት በግምጃ ቤት ሳይሆን በገበሬው ጎታ ውስጥ ይታይ ነበር።

ከ1761 ዓ.ም. በኋላ ዘመነ መሳፍንት ሲመጣ ገቢው በየአውራጃው መስፍን እጅ ቀረ። በጎንደር ዙፋንና ዘውድ ቢኖርም ገቢ አልነበረም። ገቢ የሌለው ንጉሥ ሠራዊት የለውም፤ ሠራዊት የሌለው ደግሞ ትእዛዙ ከግቢው አጥር አያልፍም። የመንግሥት አቅም በግምጃ ቤቱ እንደሚለካ ጎንደር ቀድማ አይታዋለች።

ቴዎድሮስ፦ ደመወዝ ፈልጎ ዝርፊያ ላይ መድረስ

በ1847 ዓ.ም. በሰሜን፣ በደረስጌ ማርያም የነገሡት አፄ ቴዎድሮስ ችግሩን አውቀውታል። ወታደሩ ገበሬውን እንዳይበላ ደመወዝ ሊከፍሉት አሰቡ። ሐሳቡ ትልቅ ነበር፤ ደመወዝ ግን ገቢ ይፈልጋል። ገቢ ፍለጋ በ1852 ዓ.ም. ገደማ ከቤተ ክርስቲያን መሬት ለአገልጋዮች ከሚበቃው የተረፈውን ወስደው ለግብር ከፋይ ገበሬ ለመስጠት ሞከሩ። ከካህናቱ ጋር ተጣሉ፤ አውራጃዎችም አንድ በአንድ ሸፈቱ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ልብ በሉ። የሸፈተ አውራጃ ግብር አይገብርም። ገቢው ሲያንስ ሠራዊቱ በዝርፊያ ይኖራል። ዝርፊያው ሌላ አውራጃ ያሸፍታል፤ እንደገና ገቢው ያንሳል። በኅዳር 1859 ዓ.ም. ጎንደር ራሷ ተዘረፈች፣ ተቃጠለች፤ ሀብቷም ወደ ደብረ ታቦር ተጫነ። ለሠራዊቱ ደመወዝ ለመክፈል የተነሱት ንጉሥ መጨረሻቸው መናገሻ ከተማን ማዘረፍ ሆነ።

የሌላውን ወገንም ሒሳብ እንይ። እንግሊዝ በመቅደላ ላይ ላዘመተችው ጦር ፓርላማዋ መጀመሪያ የፈቀደው 2 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። ዘመቻው ሲያልቅ ወጪው ወደ 9 ሚሊዮን ተጠግቶ ተገኘ። ሀብታሟ እንግሊዝም ጉድለት ገጠማት ማለት ነው። ልዩነቱ የገቢ ግብር ጨምራ በይፋ መክፈሏ፣ ፓርላማዋም ወጪው ለምን እንዲህ እንደናረ የሚመረምር ኮሚቴ ማቋቋሙ ነው። ጉድለት በሁለቱም ዘንድ ነበረ፤ በአንደኛው ዘንድ ግን የሚጠይቅና የሚመልስ ነበር።

ብድር ከባሕር ማዶ ሲመጣ

በዚያው ዘመን የግብፁ ኸዲቭ ኢስማዒል ከአውሮፓ ባንኮች ያለ ልክ ይበደሩ ነበር። ቦይና ባቡር ሠርተውበታል፤ ቤተ መንግሥትና ጦርነትም ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1875 እና በ1876 ጦራቸው በጉንደትና በጉራዕ በአፄ ዮሐንስ አራተኛ ሠራዊት ተሸነፈ። በነዚያው ሁለት ዓመታት ኢስማዒል የስዊዝ ቦይ ድርሻቸውን ለእንግሊዝ ሸጡ፤ ዕዳቸውንም መክፈል አቃታቸው። ከዚያ አበዳሪዎች የግብፅን ገቢና ወጪ መቆጣጠር ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1882 የእንግሊዝ ጦር ገባ። በዕዳ የተጀመረው በመያዝ አለቀ።

እኛም በዚያ መንገድ ዳር አልፈናል። በውጫሌ ውል ላይ በ1882 ዓ.ም. መጀመሪያ በተጨመረው ስምምነት አፄ ምኒልክ ከጣሊያን 4 ሚሊዮን ሊሬ እንዲበደሩ ተፈቀደ፤ መያዣው የሐረር ጉምሩክ ገቢ ነበር። ወቅቱ ክፉ ቀን ነው። ከብቱ በበሽታ አልቋል፤ ጎንደርም በጥር 1880 ዓ.ም. በደርቡሾች ተቃጥላ ነበር። ቢሆንም ምኒልክ ውሉን በ1885 ዓ.ም. ሲያፈርሱ ብድሩን መመለስ ግድ ሆነባቸው፤ መለሱም። የጉምሩክ ቤቱ መያዣ የሆነበት ሰው ነፃነቱም መያዣ መሆኑ ገብቷቸው ነበር።

በነዚሁ ዓመታት ሌላም ለውጥ መጣ። ወታደር በገበሬ ቤት መስፈሩ እንዲቀር በምትኩ ገበሬው ከአዝመራው አስራት እንዲያገባ ታዘዘ። በአፈጻጸሙ ብዙ በደል ቢኖርም ነገሩ በራሱ እርምጃ ነው፤ ገበሬው የሚጠየቀው ልክ ተቆረጠለት።

መዝገብ የተከፈተበት ዘመን

የመንግሥት ገንዘብ በመዝገብ እንዲያዝ ማድረግ ለሙስሊሙ እንግዳ ነገር አይደለም። ሁለተኛው ኸሊፋ ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ዲዋን የተባለውን መዝገብ አቋቁመው ከበይተል ማል ማን ምን ያህል እንደሚያገኝ በስም አስጽፈዋል። በሀገራችን የመንግሥት ገንዘብ በዓመታዊ በጀት ብቻ እንዲወጣ የሚያዝ ቃል በሕግ የተጻፈው በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ፣ በጥር 1934 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ስምምነት መንግሥቱ በመጀመሪያው ዓመት 1.5 ሚሊዮን፣ በሁለተኛው 1 ሚሊዮን ፓውንድ እርዳታ አገኘ፤ ከእርዳታው ጋር ግን የእንግሊዝ አማካሪዎች ቁጥጥርም ነበረ። ከዚህ ለመውጣት የራስ ገቢ ያስፈልግ ነበርና በአዋጅ ቁጥር 70/1937 መሬት ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ተብሎ ተመድቦ በገንዘብ ተገበረ። ጎጃምና በጌምድር በድሮው ግብራቸው ቆዩ።

በ1943 ዓ.ም. መጀመሪያ ኢትዮጵያ ከዓለም ባንክ የተበደረች የመጀመሪያዋ የአፍሪካ አገር ሆነች። ብድሩ ለመንገድ፣ ለስልክና ለልማት ባንክ ነበር። የልማት ብድር የሚባለው ነገር ከዚያ ይጀምራል።

በ1960 ዓ.ም. አስራት ቀርቶ በእርሻ ገቢ ላይ ግብር ሲታወጅ ግን ጎጃም ተነሳ፤ መንግሥት አውሮፕላን እስከማዝመት ደርሶ በመጨረሻ ወደኋላ ተመለሰ። ገበሬው የጠላው ግብርን ብቻ አልነበረም። መሬቴን ለክተው ርስቴን ሊነጥቁኝ ነው የሚለው ፍርሃት ነበር። ሕዝብ ያላመነበት ግብር አይሰበሰብም፤ ያልተሰበሰበ ግብር ደግሞ ጉድለት ነው።

ጦርነትና የገንዘብ ማተሚያ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የመሬት አዋጅ ለሙስሊሙ ገበሬ ትልቅ ቀን ነበር። ርስት ተከልክሎ የኖረው መሬት አገኘ። ነገር ግን ከ1969 ዓ.ም. ወዲህ ደርግ በምሥራቅና በሰሜን በጦርነት ተጠመደ። የጦር መሣሪያው ከሶቪየት ኅብረት በዱቤ መጣ። በሀገር ውስጥ የጎደለውን ደግሞ መንግሥት ከራሱ ብሔራዊ ባንክ ይበደር ነበር።

መንግሥት ከብሔራዊ ባንክ ሲበደር ምን ይሆናል? በቀላሉ፣ አዲስ ገንዘብ ተፈጥሮ ገበያ ይገባል፤ እህሉ ግን ያው ነው። ብዙ ብር ጥቂት እህል ሲያሳድድ ዋጋ ይንራል። ይህን አሊሞቻችን ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ቀድመው ጽፈውታል። በካይሮ የገበያ ተቆጣጣሪ፣ ማለትም ሙሕተሲብ ሆኖ የሠራውና ስለ ሐበሻ ሙስሊም ነገሥታትም የጻፈው አል-መቅሪዚ፣ በዘመኑ ግብፅን የመታውን ረሃብ ሲመረምር በአባይ ውኃ ማነስ ብቻ አላሳበበም። ሹመት በገንዘብ መሸጡን፣ የመሬት ኪራይ መናሩንና ገበያው በመዳብ ሳንቲም መጥለቅለቁን በምክንያትነት አስቀምጧል።

ደርግ ዋጋው እንዳይንር በትእዛዝ ያዘው። ስለዚህ የዋጋው ንረት በሰልፍ ተተካ። ገበሬው እህሉን በኮታ፣ መንግሥት በቆረጠው ዝቅተኛ ዋጋ እንዲያስረክብ ተገደደ። እንግዲህ የዚያን ዘመን ጉድለት ማን ከፈለው? በሰልፍ የቆመችው እናት፣ ኮታ ያስረከበው ገበሬና ልጁን ለግዳጅ የሰጠው ቤተሰብ ናቸው። የቀረው ሒሳብ በ1985 ዓ.ም. መጀመሪያ መጣ፤ ለአንድ ዶላር 2.07 ሲመነዘር የኖረው ብር በአንድ ቀን 5 ብር ሆነ።

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ

ጦርነቱ ሲቆም ጉድለቱ ወረደ። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲሆን እንደገና አበጠ፤ ሰላም ሲመጣ ዳግም ጎደለ። በ1995 ዓ.ም. 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሥራ ላይ ዋለ። በሚያዝያ 1996 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከፍተኛ ዕዳ ላለባቸው ድሃ አገሮች የተዘጋጀውን የዕዳ ስረዛ መስፈርት አሟላች፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ሌላ ስረዛ ተጨመረ። ደብተሩ ከሞላ ጎደል ነጻ።

ነጻ የሆነ ደብተር ግን ለመበደርም ይመቻል። መንገድ፣ ባቡር፣ ስኳር ፋብሪካና ግድብ ተጀመሩ። አንዳንዱ ፍሬ ሰጠ። በመጋቢት 2003 ዓ.ም. የተጀመረውና በአብዛኛው በሀገር ውስጥ ገንዘብ የተሠራው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። አንዳንዱ የስኳር ፋብሪካ ግን ስኳር ሳይሰጥ ወለድ ሲቆጥር ዓመታት አለፉ። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት በዓለም ገበያ የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ሸጠ፤ ወለዱ በዓመት 6.625 በመቶ ነበር።

በሌላ በኩል የግብር ገቢው ከኢኮኖሚው ጋር አላደገም። በ2007 ዓ.ም. ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት 12 በመቶ አካባቢ የነበረው ገቢ በ2016 ዓ.ም. ወደ 7 በመቶ ገደማ ወርዶ ነበር። በዚህ መሐል ኮሮና፣ በ2013 ዓ.ም. የተነሳው የሰሜኑ ጦርነትና ድርቅ ተደራረቡ፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ የገዛ ክልላችን ግጭት ተጨመረ። በጥር 2014 ዓ.ም. 122 ቢሊዮን ብር ተጨማሪ በጀት የጸደቀው ባብዛኛው ለመከላከያ፣ ለእርዳታና ለመልሶ ግንባታ ነበር። የዓመቱ ጉድለት ከጠቅላላ ምርቱ 4 በመቶ አለፈ፤ በብሔራዊ ባንክ ብድርም ተሸፈነ። የዋጋ ንረቱም በዓመት ከ30 በመቶ በላይ ሆነ። መቅሪዚ የጻፈው ነገር በቅዳሜ ገበያችን ታየ።

በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የዚያን ቦንድ ወለድ 33 ሚሊዮን ዶላር ሳትከፍል ቀረች። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ወደ 57 ብር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዓለም የገንዘብ ድርጅት የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር ተፈቀደ፤ መንግሥትም ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ መበደሩን ለማቆም ቃል ገባ። በሰኔ 2017 ዓ.ም. ደግሞ ከአበዳሪ መንግሥታት ጋር 8.4 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ ለማሸጋሸግ የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ።

አሁን አንድ ሒሳብ አብረን እንሥራ። የ2010 ዓ.ም. የፌዴራል በጀት 320.8 ቢሊዮን ብር ነበር። የ2018 ዓ.ም. ደግሞ 1.93 ትሪሊዮን ብር ሆኖ ጸደቀ። ስድስት እጥፍ ነው! ነገር ግን የመጀመሪያው ሲጸድቅ ዶላር 23 ብር ገደማ ነበር፤ ሁለተኛው ሲጸድቅ 135 ብር ገደማ። ብናካፍለው ሁለቱም ወደ 14 ቢሊዮን ዶላር ይሆናሉ። እህሉ አልጨመረም፣ ቁናው ነው ያነሰው። በተቀነሰ ቁና የሚሰፈርለት ደግሞ ደመወዝተኛው፣ ጡረተኛውና ገንዘቡን በብር ያስቀመጠ ቤተሰብ ነው። ያለ አዋጅና ያለ ደረሰኝ የሚሰበሰብ ግብር ይሉታል ይህንን።

ከዚህ ምን እንያዝ?

አንደኛ፣ ጉድለት ሁሉ ክፉ አይደለም። የደባርቅ ገበሬ በሰኔ ለዘር ቢበደር በኅዳር ይከፍላል። ለድግስ የተበደረው ግን በኅዳርም ባለዕዳ ነው። የመንግሥትም ብድር በዚሁ ይመዘን። ለምን ዋለ? መልሶ ይከፍላል ወይ? ነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ) በጥጋቡ ሰባት ዓመት ለረሃቡ ሰባት ዓመት ማስቀመጣቸው የአገር በጀት ትምህርት ነው፤ እኛ ግን ዕዳ በተሰረዘልን ጊዜ ጎተራ አልሠራንም።

ሁለተኛ፣ ከተቆጠሩት ዘመናት ሁሉ ጉድለቱን ያበዛው ጦርነት ነው። በቴዎድሮስም፣ በደርግም፣ በኋላም እንዲሁ። በጀት የሚጠገነው ከምንዛሪ በፊት በእርቅ ነው። ሰላም የሌለበት ወረዳ ግብር አይሰበስብም፤ ትምህርት ቤቱም ይዘጋል።

ሦስተኛ፣ ዕዳ አማና ነው። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ ስለ ዕዳ መጻፍና ስለ ምስክር የሚናገረው መሆኑ ለአጋጣሚ አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዕዳ ያለበት ሰው ጀናዛ ቀርቦላቸው ለመስገድ ሲታቀቡ፣ አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ) ዕዳውን እኔ ልውሰድ ካሉ በኋላ ሰግደውበታል። ሰውየው ቢሞትም ዕዳው አልሞተም፤ የሚሸከመው ሰው ተፈለገ። የመንግሥት ዕዳም ሹሙ ሲሻር አይሻርም። የሚሸከሙት ዛሬ በቁርኣን ቤትና በትምህርት ቤት ያሉት ልጆቻችን ናቸው።

ስለዚህ ግብር መክፈል ግዴታችን እንደሆነ ሁሉ መጠየቅም መብታችን ነው። ነጋዴው በደረሰኝ ይሽጥ፣ ገዥውም ደረሰኝ ይጠይቅ። የወረዳችሁ በጀት በሰሌዳ ሲለጠፍ ቆም ብላችሁ አንብቡ። ለውኃ ስንት ተያዘ? ለጤና ጣቢያው ስንት? ባለፈው ዓመት የተያዘው የት ዋለ? ማንበብ የማይችሉ አባቶችና እናቶች ካሉ ልጆች ያንብቡላቸው። በቤታችሁም ዱቤያችሁን ጻፉት፤ ለሠርግና ለድግስ አትበደሩ።

አላህ ለአገራችን ሰላምን፣ ለገበያችን በረካን፣ ለሚመሩን ሐቅን ይስጥልን። ከዕዳ ሸክምም ይጠብቀን። ኣሚን!